ለሐዋሳ ሐይቅ የክረምት ፎቶዎች የቀለም ቃና መምረጥ አቃተኝ

ሰላም ለእናንተ። በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ ከአሞራ ገደል ዳርቻ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በአንድ ቃና አዘጋጅቼ፣ በማት (በማያብለጨልጭ) ወረቀት አሳትሜ ጎን ለጎን ልሰቅላቸው ነው። ሁሉም ሮው (ጥሬ የካሜራ) ፋይል ናቸው፤ የምሠራው ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን የቀለም ሙቀትና ቅዝቃዜ ማስተካከያ) በሁሉም ላይ 5500 ኬልቪን አድርጌዋለሁ። ሰማዩና ውሃው ግራጫ ነው፤ የታቦር ተራራ ግን ዝናብ ጠግቦ ለምልሟል።

ጥላው (የፎቶው ጨለማ ክፍል) ላይ ሰማያዊ ስጨምር፣ ማለትም ሂው (የቀለም ዓይነት) 220 ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) 15፣ ብርዱ ጥሩ ይሰማል። ግን የተራራው አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጀልባ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ፊትም አመድ ይመስላል። ሃይላይቱን (ብሩሁን ክፍል) ሂው 40 ላይ ሳሞቀው ደግሞ ጉሙ የበጋ አቧራ ሆኖ ቁጭ! ይሄኛው ይብስብኛል፤ ክረምቱን ክረምት ያሰኘው ጉሙ ነውና። በኤችኤስኤል (እያንዳንዱን ቀለም ለብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) አረንጓዴውን ወደ ቢጫ ብስበው ሣሩ የደረቀ መሰለ። ጥቁርና ነጭ ማድረግ አልፈልግም፤ ያንን ልምላሜ ማጣት ያሳዝነኛል።

የጉሙ ቅዝቃዜ ሳይጠፋ የተራራው አረንጓዴና የሰዎቹ ፊት እንዲተርፉ፣ ሰማያዊውን ከጥላው አንስቼ ሚድቶን (መካከለኛ ብርሃን ያለው ክፍል) ላይ ላድርገው ወይስ ጉሙን ብቻ በማስክ ለይቼ ልቀባው?