ጠባብ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ሊስተር ሞተር እንዴት ይነሳ?

ማርቆሴው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ባለአንድ ሲሊንደር፣ ባለሁለት ቮላኖ (ከባድ የብረት መሽከርከሪያ) የድሮ ሊስተር የናፍጣ ሞተር አለ። ባለቤቱ በኤሌክትሪክ ሞተር ሊተካው ስለሆነ ሳይነቀል በደንብ ላነሳው እፈልጋለሁ። ከግድግዳው እስከ ሞተሩ 1.5 ሜትር ብቻ ነው። ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ)፣ ሌንሱ 18-55 ሚሊሜትር። በ18 ሳነሳው ጠርዝ ላይ ያለው ቮላኖ እንቁላል ይመስላል፣ በሩ ደግሞ ነጭ ብቻ ሆኖ ይወጣል።

ዘጮቄ፦ ሰፋ ያለ ሌንስ እንዳትገዛ፤ ይብስብሃል። ክብ ነገር ወደ ፍሬሙ ጠርዝ በተጠጋ ቁጥር ይለጠጣል። መጀመሪያ ከበሩ ወይም ከመስኮቱ ውጭ ቆመህ ሞክር፤ ግማሽ ሜትር ብታተርፍ እንኳ ልዩነቱ ብዙ ነው። ካልሆነ ካሜራውን በቁሙ አድርገህ በ24 ላይ አራት አምስት ፎቶ እያዞርክ አንሳ፤ እያንዳንዱ ከቀደመው ሲሶውን ይጋራ። ኤክስፖዠር፣ ፎከስና ዋይት ባላንስ በማኑዋል ይቆለፉ። በኮምፒውተር ወደ አንድ ፎቶ ስታጋጥማቸው ሲሊንድሪካል (ምስሉን በሲሊንደር ዙሪያ እንደተጠቀለለ የሚዘረጋው) የሚለውን ምረጥ፣ ቮላኖው ክብነቱን ይጠብቃል፤ አግድም ያሉት ቧንቧዎች ግን ትንሽ ይጎብጣሉ።

ቺንጋው በፎቶዎቹ መጋጠሚያ ላይ ተሰብሮ ከታየህ ካሜራው የዞረው በሌንሱ መሃል አይደለም ማለት ነው። ቅርብ ያለ ዘንግና ሩቅ ያለ ምሰሶ አንድ መስመር ላይ አድርገህ ካሜራውን አዙር፤ ከተለያዩ መለያየታቸው እስኪጠፋ ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ግፋው።

ዓባይ ማዶ፦ ለብርሃኑ፦ በሩ ላይ ነጭ አቡጀዲ ዘርጋ፤ አምፖሉን አጥፋ፣ አለበለዚያ ግማሹ ብረት ቢጫ ይሆናል። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ሰዓት ቆጣሪው 2 ሴኮንድ፤ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የምታዋህዳቸው ሦስት ፎቶ፦ ሁለት ስቶፕ የጨለመ፣ ልኩ፣ ሁለት ስቶፕ የበራ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። ካሜራው ላይ ያለውን ፍላሽ ተወው፤ ዘይት የነካው ብረት ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል፣ አየር ላይ ያለውን ዱቄትም በረዶ ያስመስለዋል። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሌንስ አትቀይር።

የስም ሰሌዳውን ለብቻው አንሳ። የስልክህን መብራት ከጎኑ ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገህ ያዘው፤ ያበጡት ፊደላት ጥላ ጥለው ይነበባሉ። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። እባክህ የቀረውን ዘይትና ዱቄት እንዳታጸዳ፤ ሞተሩ የኖረበት መልክ እሱ ነው።

ማርቆሴው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እየሠራስ ማንሳት ይቻላል?

ዘጮቄ፦ ይቻላል፣ ግን ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ ረጅም ኤክስፖዠር አይሆንም። የድሮው ሊስተር 6/1 (ባለ6 ፈረስ ጉልበት፣ ባለአንድ ሲሊንደር) በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል፤ በ1/30 ሴኮንድ ቮላኖው ከዙሩ ሲሶ በላይ ይሄዳል፣ እንቅስቃሴው ያምራል። በ1/1000 እንኳ ጠርዙ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ፍጹም ይቆማል ብለህ አትጠብቅ። ነጠላም ሆነ የካሜራ ማንገቻ አይንጠልጠል፤ ትራይፖዱም ቺንጋው በሚሮጥበት መስመር ላይ አይቁም፣ ቢበጠስ የሚወረወረው በዚያው አቅጣጫ ነውና።