ካርታዬን በመያዣ የወሰደው አበዳሪ ቤቴን ልረከብ እያለ ነው

የሕግ ባለሙያዎች ሆይ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለእናቴ ሕክምና ከአንድ ግለሰብ 200 ሺህ ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ተበድሬ የቤቴን ካርታ አስረከብሁት። ውሉ ግን የስድስት ወሩን ወለድ ደምሮ «320 ሺህ ብር ተበድሬአለሁ» ይላል። ከፊርማዬ በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ደግሞ «በቀኑ ካልከፈለ ቤቱን ይረከባል» የሚል በእጅ ተጽፏል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንደማይፈቅድ፣ አንቀጽ 3060 ደግሞ እንዲህ ያለውን የርክክብ ስምምነት ዋጋ እንደሚያሳጣው አንብቤ ትንሽ ተስፋ አገኘሁ። የሚያስጨንቀኝ ማስረጃው ነው። 90 ሺህ ብር በጥሬ ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ ሲቆጥር ያዩ ሁለት ጎረቤቶች ግን አሉ። ምስክርነታቸው ይበቃል? አራጣ ወንጀል ስለሆነ መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ልሂድ ወይስ ፍርድ ቤት ላሳግድ? ቀኑ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።