ለኬጂ የገና ፕሮግራም የጾም መክሰስ ምን ይዤ ልሂድ?

የኬጂ 2 እናት
ሰላም እናቶች (አባቶችም ካላችሁ)። የልጄ ክፍል የገና ፕሮግራም ታኅሣሥ 25 ነው። 28 ልጆች ናቸው። መክሰሱን የማዘጋጀት ዕጣ እኔ ላይ ወደቀ። ዕጣ እንኳን አይደለም፣ ስብሰባው ላይ ከተገኘነው ሦስት ወላጆች ሁለቱ ቶሎ ስለወጡ ነው።

አምና ክሬም ኬክ፣ ቺፕስ፣ ከረሜላና ለስላሳ ነበር። ልጄ ክሬሙን ልሳ ልሳ ኬኩን ኪሷ ከታ መጣች። ማታ እስከ 5 ሰዓት አልተኛችም። ጾሙ ደግሞ እስከ 28 ነው። ልጁን የሚያስጾም ቤተሰብ አለ፤ አምና ኬክ ሲታደል ጥግ ይዞ የተቀመጠ አንድ ልጅ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ዘንድሮ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት፣ ስኳሩ ያልበዛ፣ ግን ልጅ የሚበላው ነገር እፈልጋለሁ። ቆሎ ብቻ ይዤ ብሄድ ይሳቅብኛል?

ሳሪስ ሰፈር
ማን ይስቃል! ግን የገብስ ቆሎ ጥርሱ ለሚነቃነቅ ልጅ አይሆንም። ዳቦ ቆሎ ሥሪ፣ እሱንም ሳታደርቂው። ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ለብ ያለ ውሃ። በርበሬውን ተዪው። ጠንከር አድርገሽ ታሺውና በእጅሽ እያንከባለልሽ እንደ እርሳስ ታረዝሚዋለሽ። ቆራርጠሽ ምጣድ ላይ ቀስ እያልሽ ታምሺዋለሽ። 2 ኪሎ ዱቄት ይተርፍሻል።

እኔና ልጄ ግማሹን በፊደል ቅርጽ ነው የምንሠራው። «ሀ» ቀላል ናት። «ጨ»ን አትሞክሪያት።

ሚስ ነኝ
ኬጂ ነው የማስተምረው። ፍራፍሬ ላኩ ስል ወላጅ ሙሉ ብርቱካን በፌስታል ይልካል። 28 ብርቱካን ማን ይልጣል? እኔ! እባክሽ ቤትሽ ከነልጣጩ አራት አራት ቦታ ቁረጪው። ልጣጩን ጥርሳቸው ላይ ለጥፈው ሲሳሳቁ ሁሉም ያልቃል።

ማንጎና ፓፓያ ይቅርብሽ። ልጆቹ የሀገር ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት፣ ነጭ በነጭ። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ ቀድመሽ ጠይቂ። ታናናሾችም ተከትለው ይመጣሉ፤ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻና ሙሉ ለውዝ አይሰጥም፣ ያንቃል።

የሁለት ወንዶች አባት
እኛ ሙስሊም ነን። የጾም ሲሆን ለእኛም ግልግል ነው፤ ከረሜላው ውስጥ ያለው ጀላቲን ከምን ተሠራ እያልኩ አልጨነቅም። ቴምር ፍሬውን አውጥቼ ልላክልሽ? አንድ ኪሎ ይበቃል፣ እሱም ጣፋጭ ስለሆነ ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት።

የኬጂ 2 እናት
ፕሮግራሙ ትናንት አለፈ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያለቀው ብርቱካኑ ነው። ቴምሩም ተወደደ፣ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ዳቦ ቆሎው ላይ ሁሉም የስሙን መጀመሪያ ፊደል ፍለጋ ገባና በአንዲት «በ» ሁለት ልጆች ተጣሉ። አንዱ ጎርሷት ነገሩ አለቀ።

በራሴ ሐሳብ የጨመርኩት የተቀቀለ ስኳር ድንች ግን እንዳለ ተመለሰ። ቤት ውስጥ ሁለት ቀን በላነው። ለስላሳ አልነበረም፣ ውሃ ብቻ፤ የጠየቀኝ አንድ ልጅ ነው።

አንዷ እናት ግን ኬክ ይዛ ከተፍ አለች። «የጾም ነው» አለችኝ። ምን ልበላት?