የንጉሥ ቻርልስ የተጣፈ ኮት እና የእኛ ሰልባጅ፦ አጣጣፉ ሙያ አለው?

ሱፍ_ወዳጅ

ሰላም ለቤቱ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ የተጣፈ ኮት ለብሰው፣ ጎኑ ላይ ቆዳ የተደረበበት ጫማ አድርገው የተነሷቸውን ፎቶዎች አይታችሁ ይሆናል። እሳቸው ላይ ያምራል፤ ሌላው ሰው ሲለብሰው ግን «ምነው ቸገረው?» ያሰኛል። ልዩነቱ ዘውዱ ብቻ ነው?

ከሰልባጅ የተገዛ ግራጫ የሃሪስ ትዊድ (ወፍራም የስኮትላንድ ሱፍ ጨርቅ) ኮት አለኝ። ሁለቱም ክርኖቹ ሳስተዋል፣ ግራው ተበስቷል። ኮሌታው ላይ ምስር የሚያህሉ ሦስት የብል ቀዳዳዎች አሉ። ወገቡም ትንሽ ይጠበኛል። ክርኑ ላይ ቆዳ ይሻላል ወይስ ጨርቅ? ልብስ ሰፊው ጋ ስሄድ ምን ብዬ ልዘዘው?

መርፌና_ጠመኔ

ከመጣፍህ በፊት ብሉን ግደል። ሱፉን የሚበላው ብር የሚለው ቢራቢሮ ሳይሆን ትሉ ነው። ኮቱን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተህ፣ አየሩን አስወጥተህ እሰርና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆየው። ስታወጣው ከረጢቱን ወዲያው አትክፈት። ቅዝቃዜው እስኪለቅ ጠብቅ፣ አለዚያ ጨርቁ እርጥበት ይሰበስባል። ከዚያ የኮሌታውን ሥር፣ የኪሱን ክዳንና የስፌት መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ አራግፍ። ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ሱፍ ብል አጥብቆ ይወዳል፤ ሳይጸዳ ቁም ሣጥን ውስጥ የገባ ኮት እንደገና ይበላል።

ወደ ክርኑ እንምጣ። ትዊድ ወፍራም ስለሆነ ቆዳ ይችላል። ስስ ሱፍ ላይ ግን ቆዳ ጨርቁን ይጎትተዋል፣ በዳርና ዳሩም አዲስ ቅድ ይፈጥራል፤ እዚያ ላይ ጨርቅ ይሻላል። ለአንተ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይወፍር የበግ ሱዊድ፣ ማለትም ፊቱ ጠጉራም የሆነ ለስላሳ ቆዳ፣ ይበቃል (የአገራችን የበግ ሌጦ በጓንት ሠሪዎች የሚፈለግ ስለሆነ ሩቅ አትሂድ)። ልኩ 11 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞላላ።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ቦታውን ሲለካ ነው። ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ አትለካ። ልበሰው፣ ክንድህን እጠፍ፣ ሌላ ሰው የክርንህን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያድርግበት። የሞላላው መሐል እዚያ ላይ ይውላል። የተበሳውን ክርን መጀመሪያ ከውስጥ በስስ ጨርቅ አስደግፈው፤ ባዶ ቀዳዳ ላይ ቆዳ ብቻ ከተሰፋ ቀዳዳው ከሥር መስፋቱን አይተውም። የእጅጌውን ገበር ከእጅ አንጓው በኩል ፈትተህ ወደ ላይ ሰብስበው። ገበሩ አብሮ ከተሰፋ ክንድህን ባጠፍክ ቁጥር ይጎተትና ይተረተራል። ቆዳውን ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለህ በየ4 ሚሊ ሜትሩ ቀድመህ ብሳው፤ ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ስትሰፋ እጅጌው ውስጥ መጽሔት ጠቅልለህ አስገባ፣ መርፌው ማዶ አይሻገርም። ላውንደሪ ስትሰጠው ደግሞ ሱዊድ እንዳለው ንገራቸው።

ድርና_ማግ

የኮሌታውን ቀዳዳ በመጣፊያ አታሸፍነው፣ ይሸመን። ክሩም ከኮቱ ከራሱ ይገኛል። ከታች የታጠፈውን ወይም ስፌቱ ውስጥ የተረፈውን ጨርቅ ፈትተህ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክር ምዘዝ። ለድሩ ከድር፣ ለማጉ ከማግ፤ ትዊድ ላይ የሁለቱ ቀለም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ከቀዳዳው ዳር 5 ሚሊ ሜትር ርቀህ ጤነኛው ጨርቅ ላይ ጀምር። መጀመሪያ ድሩን ዘርጋ፣ ቀጥሎ ማጉን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያሳለፍክ ሂድ። ሽመናው ሰያፍ ከሆነ ግን ሁለት በላይ ሁለት በታች፣ በየመስመሩ አንድ ክር እየሸሸህ።

ክሩ በሚመለስበት ቦታ ሁሉ አጥብቀህ አትሳበው፣ ትንሽ ቀለበት ተውለት። ሱፍ እንፋሎት ሲያገኘው ይሰበሰባል፤ ትርፍ ከሌለው ዙሪያው ይጨማደዳል። ከስፌት ውስጥ የወጣ ክር ፀሐይ ስላላገኘው ደመቅ ይላል። ግራጫ ትዊድ ይሸፍነዋል፤ አንድ ወጥ ሰማያዊ ጋባርዲን ግን ያሳብቃል፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ብዙ አትድከም።

የልክ_ሰፊ

እ.ኤ.አ. በ2018 ቻርልስ ለልጃቸው ለሃሪ ሠርግ የለበሱት ኮት በ1984 የለንደኑ አንደርሰን ኤንድ ሼፐርድ የሰፋላቸው ነው። 34 ዓመት የቆየው በጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በልክ የሚሰፋ የእንግሊዝ ኮት ጎንና ጎኑ፣ ጀርባው መሐልም፣ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ይቀመጥለታል፤ ባለቤቱ ሲወፍር ይለቀቃል። ለጥገና ታስቦ የተሠራ ልብስ ነው የሚጠገነው።

ያንተ ኮት ትርፍ እንዳለው ለማወቅ የገበሩን ታች ትንሽ ፈትተህ ለካ። በስፌቱ በሁለቱም ወገን 2 ሴንቲ ሜትር ካለ ግማሹን ብትለቅ በአንድ ስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ታተርፋለህ። ሰፊው ግን መጀመሪያ አጭር ቦታ ፈትቶ በእርጥብ ጨርቅና በካውያ ይሞክረው፤ በድሮው ስፌት መስመር ላይ የጨርቁ ቀለም ከውጭ ደብዝዞ ከሆነ ምልክቱ አይጠፋም።

ሌላም ፈተና አለ። ከቁልፍ ቀዳዳው በታች ደረቱን በሁለት ጣት ቆንጥረህ የውጩንና የውስጡን ጨርቅ ለያይ። መካከል ላይ የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ከተሰማህ በስፌት የተያዘ ነው። ካልተሰማህ በሙጫ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል፤ ሙጫው ሲላቀቅ ደረቱ አረፋ ያወጣል፣ ያን የሚያስተካክል ሰፊ አላውቅም። አረፋ ባወጣ ኮት ላይ ብር አታፍስ።

ሱፍ_ወዳጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛ ጨርቅ አለው። ጫማስ? ቆዳው ትንሿ ጣት ጋ ተሰንጥቋል።

ታኮና_ሶል

ስለ «ምነው ቸገረው» ልበል። ዘውዱ ድርሻ የለውም ብንል ውሸት ነው። ግን ፎቶዎቹን ልብ ብለህ እይ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክራቫቱ የተስተካከለ፣ ጫማው የተወለወለ ነው። የተጎሳቆለ የሚያስመስለው ከመጣፊያው ጋር የረገበ የሱሪ ጉልበትና የጎደለ ቁልፍ ሲታከልበት ነው። ስለዚህ መጣፊያው አንድ ክርን ላይ ብቻ አይሁን፣ ሁለቱም ላይ ይሁን፤ ቀለሙም ከኮቱ አንድ ደረጃ ይጥቆር።

ጫማውን በተመለከተ፣ ስንጥቁ ራሱ ላይ ብቻ ትንሽ ቁራጭ አታስለጥፍ። እግር ሲራመድ ቆዳው የሚታጠፍበት መስመር ላይ ስፌት ካረፈ መርፌው የበሳው ቦታ ሁሉ ይቀደዳል። መጣፊያው እጥፋቱን አልፎ ይሂድ፣ ታችኛው ጠርዙ እስከ ሶሉ ይድረስ። ጠርዙ በቢላ ይሳሳ፣ አለዚያ ሱሪህ እየነካው ይነሳል። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀብቶ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቅ፤ እርጥቡን ከገጠመው አይይዝም። ቀለም ከመቀባትህ በፊት አንድ ቀን ይደር፣ ውስጡም የእንጨት ቅርጽ ይግባበት።