ደራሲው ሞቶ ያልታተመ ጽሑፉ ቢገኝ ሥራው ከየት ይጀመራል?

የብዕር ወዳጅ፦ ራሱን ከሰው አግልሎ ሲጽፍ የኖረ ደራሲ ሞቶ በሳጥን የታጨቀ የእጅ ጽሑፍ ቢገኝ፣ ለኅትመት ለማብቃት ምን ይቅደም? ወረቀቱ በእጃቸው ያለ ወራሾች ማሳተም ይችላሉ? አንዱ ታሪክ በ3 ረቂቅ ቢገኝስ የትኛው ይታተማል?

ቀለም ቀንድ፦ እባካችሁ መጀመሪያ ምንም እንዳታስተካክሉ! ሳጥኑ እንደተከፈተ፣ ወረቀቱ ሳይነሳ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ እያንዳንዱ ቅጠል በጀርባው ጥግ በለስላሳ እርሳስ ቁጥር ይሰጠው፤ እስክሪብቶ ዘልቆ ያበላሻል። የዛገ ክሊፕ ይውጣ፣ ግን የትኞቹን ወረቀቶች ይዞ እንደነበር ከተመዘገበ በኋላ። ስካኑ በቀለም፣ 400 ዲፒአይ (በኢንች 400 ነጥብ)፣ የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ በቲፍ ፋይል፤ ባዶ የሚመስለው ገጽ ጭምር።

ስፌት ግን በፍጹም አይፈታ። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲክንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ስትሞት በእጇ የሰፋቻቸው 40 የግጥም ጥራዞች ቀርተው ነበር። ለኅትመት ሲዘጋጁ ስፌቱ ተፈታ፣ ቅደም ተከተሉም ጠፋ። ተመራማሪው ራልፍ ፍራንክሊን የመርፌ ቀዳዳውን፣ የወረቀቱን ዓይነትና እድፉን እያመሳከረ መልሶ አቀናጅቶ ያሳተመው በ1981 ነው።

ባለ ሚዛን፦ ወረቀት መያዝ ሌላ፣ የማሳተም መብት ሌላ። ደብዳቤ የተላከለት ሰው የወረቀቱ ባለቤት ነው፤ የቃሉ ባለቤት ጸሐፊው፣ ከእሱም በኋላ ወራሹ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ሳሊንጀር ደብዳቤዎቹ ያለ ፈቃዱ እንዳይታተሙ ከስሶ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የረታው በዚሁ ነው፤ ደብዳቤዎቹ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብተው እያለ እንኳ። ስለዚህ ኑዛዜው በቅድሚያ ይነበብ። ጽሑፉን እንዲያስተዳድር የተሰየመ ሰው ከሌለ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፤ አንድ ፊርማ ጎድሎ የተዋዋለ አሳታሚ ኋላ ክስ ይጠብቀዋል። በብዙ አገር መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ወይም 70 ዓመት ይቆያል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ስለ ረቂቆቹ፦ የመጨረሻው ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፤ መሃል ላይ የተተወ ሊሆን ይችላል። አንዱን መሠረት አድርጋችሁ የሌሎቹን ልዩነት በግርጌ አስፍሩ። ከሦስቱ የተሻለ የመሰላችሁን ቆንጥራችሁ አንድ ታሪክ ብትሰፉ ደራሲው ያልጻፈው ነገር ነው የሚወጣው። ያልተነበበ ቃል በቅንፍ ይመላከት እንጂ አይገመት። የዲክንሰን ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1890 ሲወጡ ርዕስ ተጨምሮላቸው፣ ሰረዞቿ ተነቅለው፣ ቤት እንዲመታ ቃል ተለውጦ ነበር፤ አርታኢው ቶማስ ጆንሰን ወደ ነበሩበት የመለሳቸው በ1955 ነው። ለእርማት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ከእጅ ጽሑፉ ሥርዓተ ነጥቡን ጭምር ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው በተተየበው ላይ ይከተል። ብቻውን የሚያርም ሰው የጠበቀውን ቃል ያነባል፣ የተጻፈውን ያልፈዋል።