ሰው የነበረ ጭራቅ ይታዘንለታል?

የቄራው ልጅ፦
ትናንት ቡና ላይ ከወንድሜ ጋር የጀመርነው ጭቅጭቅ አላልቅ ስላለኝ እናንተ ዘንድ ይዤው መጥቻለሁ። በ2025 የወጣውን የዴመን ስሌየር ፊልም፣ ኢንፊኒቲ ካስልን፣ አይተን ስንጨርስ የወንድሜ ዓይን ቀልቷል። ለማን ነው ያለቀሰው? ለአካዛ! ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲበላ ለኖረ ፍጡር።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ የኮዮሀሩ ጎቶጌ ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ነው። ጀግናው ታንጂሮ የሚባል ጋኔን አዳኝ ልጅ ነው። ከ2016 እስከ 2020 ወጥቶ በ23 ቅጽ አልቋል። ጋኔኖቹ ድሮ ሰው ነበሩ። ሙዛን የሚባለው አለቃቸው ደሙን ይሰጣቸዋል፣ ይለወጣሉ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል፣ ምግባቸው ሰው ይሆናል። ታዲያ አንዱ ጋኔን አንገቱ በተቆረጠ ቁጥር የልጅነት ታሪኩ ይመጣል። ደሀ ነበር፣ በሽተኛ ነበር፣ የተገፋ ነበር። እንባ። ሙዚቃ። የተበሉትስ? የእነሱን ልጅነት ማን አሳየን? የብዙዎቹን ስም እንኳ አናውቅም። አቋሜ ይኸው ነው፦ አይታዘንላቸውም። ኑ ተከራከሩኝ።

ሚሚ ሀዋሳ፦
አንተ ልጅ ፊልሙን አይተኸዋል ወይስ ፈንዲሻ ስትቆረጥም ነበር? አካዛ እኮ ሀኩጂ የሚባል ልጅ ነበር። የታመመ አባቱን መድኃኒት ለመግዛት ኪስ ሲያወልቅ ያደገ ልጅ። አባትየው የልጁን ሌብነት መሸከም አቅቶት ራሱን ሰቀለ። ከዚያ አንድ የትግል መምህር አንስቶ ቤቱ አስገባው። የመምህሩን በሽተኛ ልጅ ሲያስታምም ተዋደዱ፣ ተጫጩ። ሊጋቡ ሲሉ ተቀናቃኞቻቸው የውኃ ጉድጓዱን መረዙት። አባትም ልጅም ሞቱ። ሙዛን ሲያገኘው እኮ በቁሙ የሞተ ሰው ነው ያገኘው። ጋኔን ልሁን ብሎ ማመልከቻ አላስገባም!

የቄራው ልጅ፦
መሀል ላይ የዘለልሽው ነገር አለ። መርዙን ያመጡትን ሰዎች ቤት ሄዶ 67 ሰው በባዶ እጁ ገደለ። ያኔ ገና ሰው ነው። ጭራቅነቱ ከሙዛን ደም በፊት ጀምሯል ማለት ነው።

ሚሚ ሀዋሳ፦
እሱስ እውነት ነው። 67ቱን አልክድህም።

ካፒቴን ሽሮ፦
እናንተ ማንኪያው ላይ ትጣላላችሁ፣ ድስቱ እዚህ አለ። በርሰርክ የሚባለውን ማንጋ ያነበበ የለም? ኬንታሮ ሚዩራ ከ1989 ጀምሮ በ2021 እስኪሞት ድረስ የሣለው። አሁን ወዳጁ ኮጂ ሞሪ እየመራቸው ተማሪዎቹ ቀጥለውታል።

እዚያ ጋኔን የሚሆን ሰው በግድ አይለወጥም። ይጠየቃል። ቤሄሊት የሚሏት ዕንቁላል የምታህል ነገር አለች፣ ፊቷ ላይ ዓይንና አፍንጫ የተዘበራረቀባት። ሰውየው ተስፋው በተሟጠጠባት ሰዓት ዓይኗን ትገልጣለች። ጎድ ሀንድ የሚባሉት የጨለማ ጌቶች ይመጣሉ። ሒሳቡን ይነግሩታል፦ ከሁሉ የምትወደውን ስጠን፣ ኃይል እንሰጥሃለን። የምትጠላውን ሰው መስጠት አይቻልም። የምትወደው መሆን አለበት።

ቅጽ 3 ላይ ያለውን ካውንት የሚሉትን ባላባት አስታውሱ። ሚስቱ ከድታው ባገኛት ቀን እሷን ሰጥቶ ነው ጭራቅ የሆነው። ለልጁ ለቴሬዢያ ግን እናትሽን የገደሏት መናፍቃን ናቸው ይላታል። ኋላ የታሪኩ ጀግና ጋትስ ከትክቶት ሊሞት ሲያጣጥር እነዚያው ጌቶች ተመልሰው መጡ። ሌላ ስጥና ትድናለህ አሉት። ጋትስን ልስጥ አለ፣ እሱን መቼ ወደድከውና አሉት። የቀረችው ልጁ ናት። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ቃሉ አልወጣ አለው። እሷን ከሚሰጥ ሲኦል ጎትቶ ወሰደው።

እኔ ለዚህ ሰውዬ አዝኛለሁ። ያለፈ ታሪኩ አይደለም ያሳዘነኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ እምቢ ማለቱ ነው። ስለዚህ ምን ደረሰበት አትበሉ። ማንን ሰጠ በሉ።

ሚሚ ሀዋሳ፦
ካፒቴን፣ የአንተ መለኪያ በርሰርክ ላይ ይሠራል። ዴመን ስሌየር ላይ ስታመጣው ግን ታማዮ የምትባለው ጋኔን ታፈርስብሃለች። ታማ ነበር። ልጇ ሲያድግ ማየት ፈልጋ የሙዛንን ደም ተቀበለች። ስትለወጥ ባሏንም ያንኑ ልጇንም በላች። እንዲህ እንደሚሆን ማን ነገራት? እሺ ብላለች፣ ግን ምኑን እሺ እንዳለች አላወቀችም። ውሉን ሳያነቡ አስፈርመው እሺ ብለሻል ይባላል እንዴ?

የናቲ እናት፦
ልጆች፣ ጣልቃ ገባሁባችሁ መሰለኝ። የ12 ዓመት ልጅ አለኝ። ይህን ዴመን ስሌየር የምትሉትን ነው ውሎ አድሮ የሚያየው። ሰሞኑን ምን አለኝ፣ «እማ፣ ታንጂሮ ለምን የሞተውን ጋኔን ጀርባ ዳበሰው?» ምን ልበለው? እውነቱን ለመናገር አንገት ሲቆረጥ ሳይ ላጠፋበት አስቤ ነበር።

ሚሚ ሀዋሳ፦
የናቲ እናት፣ ያ ትንሹ ሩይ ነው። የሸረሪቱ። ታንጂሮ አንገቱን ከቆረጠው በኋላ አዘነለት። ቅጣቱንም ሰጠው፣ ኀዘኑንም አልነፈገውም። ለልጅዎ ይህንኑ ይበሉት።

ካፒቴን ሽሮ፦
እርማት! ታንጂሮ አልቆረጠውም። ሩይ ለማምለጥ ብሎ ራሱ በክሩ አንገቱን ቆርጧል። የጨረሰው ሌላው ጋኔን አዳኝ፣ ጊዩ ነው። ጊዩ የሩይን ልብስ ሲረግጥ ነው ታንጂሮ እግርህን አንሳ ያለው።

ሚሚ ሀዋሳ፦
አቦ አንተ ደግሞ! እሺ፣ ጊዩ ነው።

ጋሽ መርጊያ፦
ልጆች፣ እኔ ማንጋ አንባቢ አይደለሁም። ቃሉ ላይ ግን ልግባ። ጃፓኖቹ ኦኒ ነው የሚሉት። እናንተ ጋኔን ስትሉት ነገሩ ከሥሩ ይጣመማል። በእኛ ዘንድ ጋኔን መንፈስ ነው። ሰው ላይ ያድራል፣ በጸሎት፣ በጠበል ይወጣል። ሰውየው ሌላ፣ ጋኔኑ ሌላ። ኦኒ ግን ሥጋ አለው፣ ቀንድ አለው፣ ሰው ይበላል። ለእሱ የሚቀርበው የእኛው ጭራቅ ነው።

ጭራቅም ቢሆን በትክክል አይገጥምም። እኔ በልጅነቴ በሰማሁት ተረት ሁሉ ጭራቅ ጭራቅ ሆኖ የተገኘ ነው። እናት የለው፣ ሰፈር የለው። ድሮ ምን ነበር ብሎ የጠየቀ ልጅም አላስታውስም። ጃፓኖች ግን ሰው ወደ ኦኒ ይለወጣል ካሉ ዘመን የለውም። ኖህ በሚሉት ጥንታዊ ተውኔታቸው ሀንያ የምትባል ጭምብል አለች። በቅናት ተቃጥላ ቀንድ ያበቀለች ሴት ናት። ተዋናዩ ቀና ሲያደርጋት የተቆጣች ትመስላለች፣ ጎንበስ ሲያደርጋት ያለቀሰች። እንጨቱ ያው አንድ ነው። ታዲያ አካዛ የምትሉት እርኩስ ሲያስለቅስ ምን ይገርማል?

የቄራው ልጅ፦
ጋሼ፣ ቃሉን ተቀብያለሁ። ርእሱንም ወደ ጭራቅ ቀይሬዋለሁ። ግን እርስዎም ለሚሚ ማድላትዎ ነው!

ራሔል ነታንያ፦
ሰው ሌሊት አውሬ ይሆናል የሚለው ወሬ ለእኛ ቤት ተረት ብቻ አልነበረም። አያቶቻችን ጎንደር ሳሉ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቡዳ ናቸው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይባሉ ነበር። ጎረቤት ልጅ ከታመመ ዓይን ወደ እነሱ ይዞራል። ስለዚህ «ሰው አይደለም፣ አይታዘንለትም» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል።

ጎ ናጋይ በ1972 የጀመረው ዴቭልማን የሚባል ማንጋ ላይ ያለውን ታውቃላችሁ። አጋንንት ሰው መሀል ተደብቀዋል የሚል ፍርሀት ሲነዛ ሰው ጎረቤቱን ማደን ይጀምራል። ሚኪ የምትባለውን ልጅ የገደሏት አጋንንት አይደሉም። እንደ እሷው ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ግር ብለው መጥተው።

የቄራው ልጅ፦
ራሔል፣ እዚህ ጋ ሁለት ነገር ተቀላቀለ። አያቶችሽ ማንንም አልበሉም። አካዛ በልቷል። ያልበላውን በላ ማለት ግፍ ነው። የበላውን አይዞህ ማለት ደግሞ በተበሉት ላይ ሌላ ግፍ ነው።

ራሔል ነታንያ፦
ልክ ነህ፣ አንድ አይደሉም። እኔ ያልኩት በላ ብሎ መፍረድና ሰው አይደለም ብሎ መፍረድ ይለያያል ነው። የመጀመሪያውን ማስረዳት ትችላለህ። ሁለተኛው ማስረጃ አይጠይቅህም።

የናቲ እናት፦
ተመልሼ መጣሁ። ማታ ከናቲ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። ማላጋጫ ልታደርጉኝ ትችላላችሁ፣ ግን አለቀስኩ።

ያ ሩይ የምትሉት ልጅ ሲወለድ ደካማ ነው፣ መራመድ እንኳ ይከብደዋል። ያ ርጉም ሙዛን መጥቶ ደሙን ሰጠውና ተነሣ። ኋላ ሰው ሲበላ አባቱ ደረሰበት። ሌሊት ሊገድለው መጣ። ልጁ ቀድሞ ሁለቱንም ገደላቸው። ለካስ አባትየው ልጁን ገድሎ አብሮት ሊሞት ነበር የመጣው። እናቱ ደግሞ እየሞተች ጠንካራ አድርጌ ስላልወለድኩህ ይቅር በለኝ ትላለች። እኔ እናት ነኝ፣ እዚህ ላይ አትከራከሩኝ።

የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የታንጂሮን እህት፣ ኔዙኮን፣ ጋኔን ናትና ትሙት ብለው የጋኔን አዳኞቹ አለቆች ተሰበሰቡ። እዚያ ላይ ምስኪን ናት፣ አሳዛኝ ታሪክ አላት ብሎ የተከራከረ ሰው የለም። ደብዳቤ ነው የተነበበው። ሰው ከበላች ወንድሟም፣ ያሠለጠነው ሽማግሌም፣ ያ ዝምተኛው ጊዩም ሆዳቸውን ቀደው ይሞታሉ ይላል። ይሄማ ዋስ ነው! ዋስ ጠርተው ነው ያዳኗት። እኛስ ጥፋተኛ ሲያዝ መጀመሪያ የምንጠይቀው ዋስ አለህ ወይ ብለን አይደል? የሩይ አባትም እኮ በራሱ መንገድ ዋስ ሊሆነው ነበር። ልጁ ዋሱን ገደለ። ለናቲ ይህንን ነው የነገርኩት።

ካፒቴን ሽሮ፦
የናቲ እናት፣ ቆብ አንሥቻለሁ። በእርስዎ መንገድ ካየነው በርሰርክ ላይ ቤሄሊት የምትጠይቀው ዋስህን ነው ማለት ነው። ካውንቱ አንዷን ዋስ ሸጠ፣ ሁለተኛዋ ላይ ግን አልቻለም። የጋትስ የጦር አለቃ የነበረው ግሪፊዝ ግን ጓደኞቹን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሸጠ። ለእሱ ሰባት ቅጽ ቢያስለቅሱኝ አላለቅስም።

የቄራው ልጅ፦
እሺ፣ የዋሱ ነገር ገባኝ። ኔዙኮን ተውኳት፣ እሷ ማንንም አልበላችም፣ ሁለት ዓመት ተኝታ ነው ያለፈችው። ለአካዛ ግን ማን ዋስ ሆነ?

ሚሚ ሀዋሳ፦
ዋሶቹ አልቀውበት እኮ ነው! አባቱ ራሱን ሰቀለ፣ መምህሩና እጮኛው በመርዝ ሞቱ። ሙዛን የመጣው ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። መጨረሻ ላይ ምን አስቆመው? ሰይፉማ አንገቱን ቆርጦ እንኳ አላስቆመውም። የሞቱት ሰዎቹ ትዝ ሲሉት ነው ክንዱን በራሱ ላይ ያነሣው።

የቄራው ልጅ፦
ይህን ያህል እሰጥሻለሁ፦ አካዛ ሲሞት ለሀኩጂ አዝናለሁ። ለአካዛ አላዝንም። ዶማ የሚባለውን ጋኔን ግን እንዳታመጪብኝ። እሱ ሰው ሆኖም ምንም አይሰማውም ነበር፣ የሚያሳዝን ታሪክ እንኳ አልተሰጠውም። ሀንቴንጉ የሚባለው ጋኔንም ያው ነው፣ ሰው እያለም እየገደለ እኔ ነኝ የተበደልኩት ሲል የኖረ አልቃሻ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ይህን እያነበበ ነው። «አንድ ለዜሮ» ይላል። በተበሉት ሰዎች ጉዳይ ግን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።

ሚሚ ሀዋሳ፦
እሱን አልመለስንም። ነገ ኮኩሺቦ ስለሚባለው ጋኔን ስናነሣ እመለስበታለሁ። በገዛ ወንድሙ ቀንቶ የተለወጠ ነውና እሱ ላይ ምናልባት አብረን እንቆማለን።

የናቲ እናት፦
ይቅርታ፣ ናቲ በትከሻዬ ላይ ሆኖ ሲያነብ ነበር ለካ። ያ የበርሰርክ ቅጽ 3 የምትሉት የት ይገኛል ይለኛል።

ካፒቴን ሽሮ፦
ኧረ እንዳይሰጡት! እኔ ራሴ በ20 ዓመቴ አንብቤው ሦስት ሌሊት መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት።