አስቸኳይ፦ የፕሌይኦፍ ዕድል የማሰላበት ኤክሴል በነካሁት ቁጥር ቁጥር ይቀይራል፣ ማታ 2 ሰዓት ይፈለጋል!

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ጠያቂ) - 10፡15
ወገን ድረሱልኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ልጆች የቅርጫት ኳስ ሊግ አለን። ቡድን እንይዛለን፣ አሰላለፍ እናወጣለን፣ ጨዋታውን የሚያጫውተው ኮምፒውተሩ ነው። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማን ምን ያህል ፕሌይኦፍ (ከሊጉ በኋላ የላይኞቹ ቡድኖች የሚገቡበት የማጠቃለያ ውድድር) የመግባት ዕድል እንዳለው ግሩፓችን ላይ መለጠፍ አለብኝ። ሁሉም እየጠበቀ ነው።

ኤክሴሉ ግን አብዷል። አሁን የሚያሳየኝ ቦርከና 100፣ ጦሳ 100፣ ፒያሳ 97፣ ሮቢት 78፣ ሐረጎ 46፣ ሸዋ በር 41፣ የቀሩት 0 በመቶ ነው። የአንድ ቡድን ስም ፊደል ሳስተካክል ሐረጎ 39 ገባ። ሌላ ሴል ስነካ 51 ወጣ። ፎርሙላውን ማንም አልነካውም። መብራት የለም፣ የላፕቶፑ ባትሪም እያለቀ ነው። እንዴት ላስቁመው?

የፒያሳው - 10፡19
ዘግተህ ክፈተው። እኔ ጋም አንዴ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ ሲከፈት ተስተካከለ።

ሐረጎ ዳገት - 10፡22
ሐረጎ 39? ኧረ በአላህ! የሐረጎን ዳገት ሲኖትራክ እንኳ ተንፏቆ ነው የሚወጣው፣ ሮቢት በምን አቅሙ ነው የሚያልፈው? 100 ብለህ ለጥፈውና ተገላገል።

ዝምታ - 10፡26
ስንት ቡድን ናችሁ? ስንት ይገባል? ስንት ጨዋታ ቀራችሁ? እኩል ነጥብ ሲመጣ በምን ትለያላችሁ? እነዚህን ሳትነግረን የምንልህ ነገር ሁሉ ግምት ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ - 10፡31
ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው ነው፤ እንዲያውም ሲከፈት ራሱ ቁጥሩ ተቀየረ።

10 ቡድን ነን፣ 4 ይገባል። ደርሶ መልስ ስለሆነ በጠቅላላው 18 ጨዋታ ነው፣ 15 ተጫውተናል። እኩል ከሆኑ በእርስ በርስ ውጤት፣ ያም እኩል ከሆነ በእርስ በርስ የነጥብ ልዩነት። ሠንጠረዡ (ያሸነፈው-የተሸነፈው)፦ ቦርከና 12-3፣ ጦሳ 11-4፣ ፒያሳ 10-5፣ ሮቢት 9-6፣ ሐረጎ 8-7፣ ሸዋ በር 8-7፣ ሰኞ ገበያ 6-9፣ ሐይቅ 5-10፣ ኩታበር 4-11፣ ቃሉ 2-13።

አሁን እባካችሁ ስለ ኤክሴሉ ንገሩኝ።

ቦርከና ዳር - 10፡34
ፎርሙላው ውስጥ ራንድ የሚባለው አለ አይደል? የቀሩትን ጨዋታዎች ውጤት በዕጣ የሚያወጣው እሱ ነው፤ የትኛውም ሴል ሲነካ ሁሉም እንደ አዲስ ይጣላል። የተበላሸ ነገር የለም፣ ጠባዩ ነው። ፎርሙላስ ከሚለው ገብተህ ካልኩሌሽን ኦፕሽንስን ማንዋል አድርገው። ወይም ውጤቱን ኮፒ አድርገህ ቫሊዩ ብቻ ፔስት አድርግ። ይቆምልሃል።

መምህሩ - 10፡41
ወንድሜ፣ ማስቆሙ ቀላል ነው፤ የቆመው ቁጥር ግን ይታመናል ወይ? ዕድሉ የሚወጣው ከጣልከው ዕጣ ውስጥ ቡድኑ ስንቴ እንደገባ ተቆጥሮ ነው፤ ዕጣውን ስንት ጊዜ ነው የምትጥለው? ከ39 ወደ 51 ከዘለለ መቶ ጊዜ ገደማ መሆን አለበት። መቶ ጊዜ ስትጥል፣ ዕድሉ ግማሽ አካባቢ ለሆነ ቡድን የተለመደው ስህተት 5 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ነው። ስለዚህ ሐረጎ አንዴ 39 አንዴ 51 ቢል አይገርምም። አሥር ሺህ ጊዜ ብትጥል ስህተቱ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል። ሙከራው መቶ እጥፍ ሲያድግ ስህተቱ አሥር እጥፍ ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ይህን ያዝ።

ሁለተኛ፣ የቡድኖቹን አቅም ባሸነፉት ብዛት ብቻ አትለካ። ያገባውንና የገባበትን ነጥብ እይ። በኤንቢኤ (በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) የታወቀ ስሌት አለ፦ ያገባውን ነጥብ ለገባበት አካፍል፣ ውጤቱን ወደ 14ኛ ኃይል አንሳው፤ ያንን ቁጥር፣ በራሱ ላይ አንድ ተደምሮ ለሚመጣው ስታካፍለው የማሸነፍ ምጣኔውን ይሰጥሃል። አንድ ቡድን በአማካይ 84 አግብቶ 80 ቢገባበት 66 በመቶ ያህል ማሸነፍ አለበት ማለት ነው። በ15 ጨዋታ 10 ድል ይሆናል። እስቲ የሮቢትን፣ የሐረጎንና የሸዋ በርን አማካይ ላክልኝ።

አራዳ - 10፡47
እኔ ጭራሽ ነገሩ አልገባኝም። ጨዋታው ራሱ የኮምፒውተር ዕጣ ነው። የዕጣ ዕጣ ማስላት ምን ይረባል? በእውነተኛው ኳስስ ማን ይገምታል? እ.ኤ.አ. በ2023 የኤንቢኤው ሚያሚ ሂት 44 አሸንፎ 38 ተሸንፎ፣ በፕሌይኢን (ፕሌይኦፍ ለመግባት የሚደረግ ማጣሪያ) መጀመሪያ በአትላንታ ተሸንፎ፣ ከዚያ ቺካጎን አሸንፎ በ8ኛነት ገባ። ፍጻሜም ደረሰ። ፐርሰንቱን ያወጡት ሰዎች ምን አሉ?

መምህሩ - 10፡52
ትንሽ ዕድል ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። አሥር በመቶ የተባለ ነገር ከአሥር አንዴ ካልሆነ ነው ግምቱ ስህተት የሚባለው። ደግሞ ሚያሚ ፍጻሜ ላይ በዴንቨር 4 ለ 1 ተሸንፏል። ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ ሳንቲም አይወረውርም፤ በተጫዋቾቹ ብቃት ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ እንዲያውም ከእውነተኛው ይልቅ ለግምት የተመቸ ነው።

የፒያሳው - 10፡54
ካልሆነ ኮምፒውተሩን ራሱን አጥፍተህ አብራው።

ዝምታ - 10፡58
መብራት የለም፣ ባትሪ እያለቀ ነው እያለህ ኮምፒውተር አጥፋ? አታጥፋው።

ጠያቂ፣ ከመለዋወጡ የባሰ ችግር አለብህ። የለጠፍካቸውን ቁጥሮች ደምራቸው። 462 ይመጣል። የሚገባው 4 ቡድን ስለሆነ ድምሩ ሁልጊዜ ልክ 400 መሆን አለበት፣ አንዲት ነጥብ ሳይበልጥ ሳያንስ። ለእያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ነው ዕጣ የምትጥለው መሰለኝ። እንዲያ ከሆነ ሮቢትና ሐረጎ እርስ በርስ ሲጫወቱ በአንተ ኤክሴል ሁለቱም ሊያሸንፉ ይችላሉ። ዕጣው የሚጣለው ለጨዋታው ነው እንጂ ለቡድኑ አይደለም። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ዕጣ፣ አንድ አሸናፊ።

የቀሩትን ጨዋታዎች ላክ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ - 11፡05
አዎ፣ በየቡድኑ ረድፍ ነው የሚጣለው፣ 100 ጊዜ። ግን ያለፈውን ዙር በዚሁ ሠርተን ማንም ምንም አላለም።

የሦስቱ ቀሪ ጨዋታ ይኸው። በ16ኛው ዙር ሐረጎ ከሸዋ በር፣ ሮቢት ከቦርከና። በ17ኛው ሮቢት ከሐረጎ፣ ሸዋ በር ከቃሉ። በ18ኛው ሮቢት ከሸዋ በር፣ ሐረጎ ከጦሳ። ለመምህሩ፦ ሸዋ በር በአማካይ 84 አግብቶ 80 ገብቶበታል። ሮቢት 81 ለ 81 ነው። የሐረጎን አሁን ማግኘት አልቻልኩም።

መምህሩ - 11፡09
አየህ! ያ ምሳሌዬ ሸዋ በር ሆነ። 10 ማሸነፍ ሲገባው 8 ላይ ነው ያለው። ሮቢት ደግሞ እኩል አግብቶ እኩል የገባበት ቡድን ነው፣ 7 ወይም 8 ድል ነበር የሚጠበቅበት፣ 9 አለው። ሸዋ በር ከሠንጠረዡ ይበረታል፣ ሮቢት ከሠንጠረዡ ይደክማል። ለጨዋታዎቹ ዕጣ ስትጥል ይህን አስገባ።

ሰኞ ማታ - 11፡12
ሰኞ ገበያን ማን 0 አለው? 6 አሸንፏል፣ 3 ቀርቶታል፣ 9 ይደርሳል። ሮቢትም 9 ላይ ነው። ሦስቱንም ቢሸነፍስ? ቡድናችንን ያለ ፍርድ አትቅበሩት።

ዝምታ - 11፡24
ሰኞ ማታ፣ አዝናለሁ፣ ሰኞ ገበያ በሂሳብም ወጥቷል። ሮቢት ሦስቱንም ከተሸነፈ ያሸነፉት ሐረጎና ሸዋ በር ናቸው ማለት ነው፤ ሁለቱም 9 ይደርሳሉ። ደግሞ እርስ በርሳቸው ስለሚጫወቱ አንዳቸው 10 ይገባል። 9 አይበቃም።

ጠያቂ፣ ቦርከና 100 መባሉ ልክ ነው። 12 ላይ ነው፣ 12 መድረስ የሚችሉት ሌሎች ጦሳ፣ ፒያሳና ሮቢት ብቻ ናቸው። ጦሳን ግን 100 አትበለው፣ 99 በለው። ጦሳ ሦስቱንም ከተሸነፈ፣ ሐረጎ ሦስቱንም ካሸነፈ፣ ሮቢት ቦርከናንና ሸዋ በርን ካሸነፈ፣ ፒያሳም አንድ ካገኘ 11 ላይ ይተናነቃሉ። ሩቅ ነው፣ ግን አለ።

ለቀሪው ኤክሴሉን ተወው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ፒያሳ ሦስተኛነቱን ይዞ ይቆያል እንበል። ለአራተኛው ቦታ የሚወስኑት አሁን የላክሃቸው 6 ጨዋታዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት ውጤት ስላለው በጠቅላላው 64 ዓይነት አጨራረስ አለ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። በ30ዎቹ ሮቢት ብቻውን ከሦስቱ ይበልጣል። ሐረጎ በ7፣ ሸዋ በርም በ7። የቀሩት 20 በእኩል ነጥብ ነው የሚያልቁት። ከ64 ሃያ! ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር የእርስ በርስ ውጤት ያስፈልገኛል። ያለ እሱ የምትለጥፈው ቁጥር ሲሶው ባዶ ነው።

አራዳ - 11፡27
እህቴ በወረቀት 64ቱን ቆጠርሽ? ማሻአላህ። ይህ ከሆነ ፐርሰንቱን እቀበላለሁ።

ቦርከና ዳር - 11፡30
ከ10 ቡድን የቀረውን 15 ጨዋታ በሙሉ ብትወስድም 32,768 አጨራረስ ነው። ለሰው ብዙ ነው፣ ለኤክሴል ግን ምንም አይደለም። ዕጣ ሳትጥል ሁሉንም መቁጠር ትችላለህ። ያኔ ቁጥሩም አይለዋወጥም፣ ፒያሳን ይቆያል ብሎ መገመትም አያስፈልግም። ለዛሬ ግን አይደርስልህም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ - 11፡38
ባትሪዬ 9 በመቶ። በስልክ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ዙር፦ ሮቢት ሐረጎን በ6 ነጥብ ልዩነት አሸንፏል። ሸዋ በር ሮቢትን በ11። ሐረጎ ሸዋ በርን በ3።

ሐረጎ ዳገት - 11፡40
በ3 ነጥብ እንኳ ቢሆን አሸንፈናል፣ ይመዝገብልን።

ዝምታ - 11፡56
ተመዝግቧል፣ ጠቅሟችኋልም።

ከ20ዎቹ ውስጥ 7ቱ ወደ ሸዋ በር ይሄዳሉ፤ ሮቢትን በመጀመሪያው ዙር ስላሸነፈ ድጋሚ አሸንፎት እኩል ከመጡ ይበልጠዋል። 2ቱ ወደ ሐረጎ፣ 1 ወደ ሮቢት። 10ሩ በነጥብ ልዩነት ነው የሚፈቱት፣ ጨዋታው ሳይደረግ አይታወቁም። ሲደመር ሮቢት 31፣ ሸዋ በር 14፣ ሐረጎ 9፣ ያልተፈቱ 10። በመቶኛ ሮቢት 48፣ ሸዋ በር 22፣ ሐረጎ 14፣ በነጥብ ልዩነት የሚወሰን 16። ድምሩ መቶ ነው፣ አንድ ወንበር።

ካልተፈቱት 10 ውስጥ ስድስቱ በሮቢትና በሐረጎ መካከል ናቸው። ስለዚህ ከሮቢት ጋር እኩል ከመጣ እንዲያልፍ፣ የ17ኛው ዙር ጨዋታ ላይ ሐረጎ ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን በ7ና ከዚያ በላይ ማሸነፍ አለበት። ይህችን መስመር ከላይ ለጥፋት፣ ሁሉም የሚፈልገው እሷን ነው።

መምህሩ - 12፡03
ሥራው ጥሩ ነው። ግን ሁሉንም ጨዋታ ግማሽ በግማሽ ወስደሻል። ሸዋ በር 2 አሸንፎ 13 ከተሸነፈው ቃሉ ጋር የሚጫወተውን ማንም እኩል ነው አይልም። ሮቢት ደግሞ ከመሪው ከቦርከና ጋር ነው። ሸዋ በር ከ22 ከፍ ይላል፣ ሮቢት ከ48 ይወርዳል። «ሁሉም ጨዋታ እኩል ነው ብለን» የሚል ቃል ከሥሩ ሳትጽፍ እንዳትለጥፈው።

ዝምታ - 12፡06
ትክክል። ይጻፍበት።

የፒያሳው - 12፡10
ፒያሳ ሦስተኛ ሆኖ ይቆያል ያላችሁት ደስ ብሎኛል፣ ግን እሱም አልተረጋገጠም አይደል? ከሦስቱ ሁለቱ ካለፉንስ?

ዝምታ - 12፡12
አልተረጋገጠም። 10 ላይ ናችሁ። አንድ ድል ካገኛችሁ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ፣ ሁለት ካገኛችሁ ጨርሳችኋል።

ሐረጎ ዳገት - 12፡20
አንድ ጥያቄ፣ ከልቤ ነው። ሐረጎ ሮቢትን ልክ በ6 ቢያሸንፍስ? ደርሶ መልሱ 1 ለ 1፣ ልዩነቱም እኩል። ደንባችን እዚያ ላይ ያልቃል። ጠያቂ፣ ለግሩፑ ከመለጠፍህ በፊት ይህን አስወስን፤ ጨዋታው ካለፈ በኋላ ማንም አይስማማም።

ቦርከና ዳር - 1፡15
በኤንቢኤ እርስ በርስ እኩል ከሆኑ የዲቪዥን (ሊጉ የሚከፈልበት ምድብ) መሪነት ይታያል፣ ሌላም ሌላም ይቀጥላል። እናንተ ዲቪዥን ስለሌላችሁ በጠቅላላ የነጥብ ልዩነት አድርጉት። ጠያቂ፣ አለህ?